ከሁለት ማዕድ ያደገ ልጅ፦ ምግብ ሰውን ቤተኛ የሚያደርገው እንዴት ነው?

ወላጆቹ ከተለያየ ብሔረሰብ፣ ሃይማኖት ወይም አገር የመጡ ልጅ፣ እንዲሁም አባትና እናቱ ከተወለዱበት አገር ርቆ ያደገ ልጅ፣ ነፍስ ማወቅ ሲጀምር ቶሎ የሚገጥመው ጥያቄ «የየት ልጅ ነህ?» የሚለው ነው። ጥያቄው በእኛ አገር አብዛኛውን ጊዜ በክፋት አይነሳም፤ ሰው ዘመድ የሚያፈላልግበት፣ እንግዳን የሚያቀርብበት መንገድ ነው። እንዲህ ላለው ልጅ ግን አንዱን ወገን ጠርቶ ሌላውን የካደ ስለሚመስለው መልሱ ይከብደዋል። ልጁ ይህን መልስ በቃል ከማግኘቱ ከብዙ ዓመታት በፊት በምግብ በኩል ወገኑን እየለየ ያድጋል። ይህ እንዴት እንደሚሆን፣ ምግብ መቼ ቤተኛ እንደሚያደርገው፣ መቼ ደግሞ በር እንደሚዘጋበት ማወቅ ለወላጅም ለልጁም ስለሚጠቅም፣ ነገሩን ከሥሩ ለማብራራት እሞክራለሁ። (ዓ.ም. ተብለው ካልተጻፉ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ሩት ዩሲም በ1950ዎቹ በህንድ የሚኖሩ የአሜሪካውያን ቤተሰቦችን ሲያጠኑ፣ ልጆቹ የወላጆቻቸውን ባህልም ሆነ የአገሬውን ባህል ሙሉ በሙሉ እንዳልያዙ፣ ይልቁንም በሁለቱ መካከል የራሳቸው የሆነ ሦስተኛ አኗኗር እንዳበጁ አስተዋሉ። ስለ እነዚህ ልጆች ሲነገር ብዙዎቻችን የምናስበው በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም የሚያድጉትን ነው። ነገር ግን ባህር ዳርን የመሰለች ከተማ ራሷ በመጤዎች የቆመች ናት። በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1961፣ ፖሊቴክኒኩ ደግሞ በ1963 ሥራ ሲጀምሩ ሠራተኛውም ተማሪውም ከየአቅጣጫው መጣ፤ ከዚያ በኋላም የመንግሥት ሠራተኛውን፣ ወታደሩን፣ ነጋዴውንና የዩኒቨርሲቲ ተማሪውን እያመጣች አደገች። ስለዚህ ከጣና ዳር ሳይርቅ በሁለት ባህል መካከል ያደገ ልጅ ብርቅ አይደለም። እኔም እናቱ የጎጃም፣ አባቱ የጉራጌ ከሆነ ቤት የወጣሁ ስለሆንሁ ጉዳዩን ከሩቅ አልመለከተውም።

የነገሩ መነሻ ከማዕዱም ይቀድማል። ፅንስ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት የሽርት ውኃ ይውጣል፤ እናቲቱ የምትበላው የነጭ ሽንኩርት፣ የካሮት፣ የቅመማ ቅመም ጣዕምና ሽታም ወደዚያ ውኃ ይገባል። በአሜሪካ የፊላደልፊያ ከተማ ተመራማሪዋ ጁሊ ሜኔላና ባልደረቦቻቸው በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ አንዳንዶቹ እናቶች በእርግዝናቸው ማብቂያ፣ ሌሎቹ ጡት በሚያጠቡበት ወቅት የካሮት ጭማቂ እንዲጠጡ ተደረገ። ልጆቹ ምግብ ሲጀምሩ በካሮት ጭማቂ የተሠራ ገንፎ ቢቀርብላቸው፣ እናቶቻቸው ውኃ ብቻ ከጠጡት ልጆች ይልቅ ፊታቸውን ያጨማደዱት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። በፈረንሳይ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ እናቶቻቸው በእርግዝና ወቅት አኒስ የተባለውን ቅመም የተመገቡ ሕፃናት በተወለዱ በሰዓታት ውስጥ ወደዚያ ሽታ ዘወር እንደሚሉ አሳይቷል።

ይህን ወደ እኛ ቤት እናምጣው። ከሌላ አካባቢ መጥታ ባህር ዳር ያገባች ሴት ስትወልድ፣ ልጇ በማህፀን ሳለ የቀመሰው እሷ ከእናቷ የወረሰችውን ወጥ ነው። አራስ ቤት ስትገባ ግን የምትበላውን የምታዘጋጀው ብዙ ጊዜ ሌላ ሴት ናት፤ አማቷ፣ የባሏ እህት ወይም ጎረቤቷ። በቅቤና በበርበሬ የቀረበው ገንፎ፣ አጥሚቱ፣ የአብሽ ውኃው በእጃቸው ይዘጋጃል፣ ጣዕሙም በጡት ወተት አልፎ ለልጁ ይደርሰዋል። የአባት ወገን ባህል ወደ ልጁ የሚገባው በስም አወጣጥ ወይም በክርስትና ድግስ ብቻ ሳይሆን በዚህ ሳይታወቅ በሚያልፍ መንገድም ጭምር ነው። አራስ መጠየቅን ከማኅበራዊ ግዴታ ያለፈ ነገር አድርጌ የማየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሽታ ከሌሎች የስሜት ሕዋሳት የሚለይበት አንድ ባሕርይም አለው። የምናየውና የምንሰማው ነገር አስቀድሞ ታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል በኩል ያልፋል፤ የሽታ መልእክት ግን ያን ጣቢያ ሳይጠብቅ ስሜትንና ትዝታን ወደሚያስተናግዱት ክፍሎች በቀጥታ ይደርሳል። ባሕር ማዶ ያደገ ወጣት በአንድ ሰው ቤት ቡና ሲቆላ ወይም ቅቤ ሲነጠር ድንገት የሚይዘው ስሜት፣ ምክንያቱን እንኳ መናገር እስኪያቅተው ድረስ የሚበረታበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ነገር ይመጣል። ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ዕድሜ አብዛኞቹ ልጆች የማያውቁትን ምግብ ይፈራሉ። አንድን አዲስ ምግብ ለመውደድ አሥር ወይም አሥራ አምስት ጊዜ ያህል መቅመስ የሚያስፈልጋቸው ልጆች ጥቂት አይደሉም። ወላጅ ግን በሦስተኛው ሙከራ ተስፋ ቆርጦ «ይህ ልጅ የእኛን ምግብ አይወድም» ብሎ ይደመድማል፤ በሁለት ባህል ቤት ውስጥ ደግሞ ይህ ድምዳሜ «ልጁ ወደ እነዚያ ያደላል» ወደሚል ቅሬታ ሲሸጋገር አይቻለሁ። ልጁ ያሳየው የዕድሜውን ጠባይ እንጂ ወገን መምረጥን አይደለም።

በዚህ ላይ ማስገደድ አይረዳም። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ባለሙያ ፖል ሮዚን በሜክሲኮ ገጠር ልጆች ሚጥሚጣን የሚለምዱበትን መንገድ አጥንቷል። እዚያ ትንንሽ ልጆች ቃጠሎውን አይወዱትም፣ ማንም በግድ አያጎርሳቸውም፤ ታላላቆቻቸው በየማዕዱ ሲበሉት ያያሉ፣ መጠኑን ራሳቸው እየጨመሩ ይሄዳሉ፣ ትምህርት ቤት በሚገቡበት ዕድሜ አካባቢም ወደው ይበሉታል። የእኛ ቤት በርበሬም የሚለመደው እንደዚሁ ነው። ለሕፃን አልጫው ለብቻው ይወጣለታል፣ ከዚያ ከቀዩ ወጥ ጠርዝ ጠርዙን ይነካል፣ አንድ ቀን ከትልቅ ወንድሙ ጋር እኩል ሲጠቅስ ይገኛል። ያን ቀን ያገኘው ነገር ከጣዕሙ ይበልጣል፤ ከትልልቆቹ ተራ ገብቷል።

ልጆች በምግብ ውስጥ ሰውን የሚያነቡት ከምናስበው እጅግ ቀደም ብሎ ነው። በ2016 ዞዊ ሊበርማን፣ ካትሪን ኪንዝለርና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት ገና ዓመት ያለፋቸው ሕፃናት ሰዎች ሲበሉ የሚያሳይ ቪዲዮ እንዲያዩ ተደረገ። ሕፃናቱ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ምግብ እንዲወዱ ጠበቁ፤ ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ትኩር ብለው ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ። ቋንቋቸው ለተለያየ ሰዎች ግን እንዲህ ዓይነት ግምት አልነበራቸውም። ከሁሉ የገረመኝ ሁለት ቋንቋ በሚነገርበት ቤት ያደጉት ሕፃናት ነገር ነው፤ እነርሱ ቋንቋቸው የተለያየ ሰዎችም አንድ ምግብ ሊወዱ እንደሚችሉ ይጠብቁ ነበር። ማን ከማን ጋር እንደሚበላ ማየት፣ ለሕፃን፣ ማን የማን ወገን እንደሆነ ማየት ነው፤ የቤቱ ማዕድ ሲሰፋ ደግሞ የወገን ግምቱም አብሮ ይሰፋል።

በባህር ዳር ይህን ትምህርት ከሁሉ አጉልቶ የሚያስተምረው ሥጋ ነው። ክርስቲያኑ በስመ አብ ተብሎ የታረደውን፣ ሙስሊሙ ቢስሚላህ ተብሎ የታረደውን ይበላል፤ አንዱ የሌላውን አይበላም። በዚህ ምክንያት ከሙስሊም ጎረቤት ጋር የሚኖር ክርስቲያን ሰርግ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ በግ ለብቻው እንዲታረድ ያደርጋል፣ አራጁም ወጥ ሠሪዋም ከእነርሱ ወገን ይሆናሉ፣ ድስቱና ጭልፋው ይለያል፣ ዳሱም አንዳንድ ጊዜ ለየብቻ ይጣላል። ሙስሊሙም ሲደግስ ለክርስቲያን ጎረቤቱ እንዲሁ ያደርጋል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ መለያየት ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን ትልቅ መከባበር አድርጌ ነው የማየው፤ ደጋሹ «አንተ ሳትበላ ድግሴ አይሞላም» ብሎ ወጪውንም ድካሙንም የጨመረው ለእንግዳው ሲል ነውና። ዘመዶቹ በሁለቱም እምነት ያሉ ልጅ በእንዲህ ዓይነት ድግስ ላይ ከሁለቱም ዳስ የሚጠራው ሰው አለው፤ የትኛው ድስት ለማን እንደሆነ ማወቁም በራሱ የቤተኛነት ምልክት ነው።

ከሐይቁ የሚወጣው ግን ይህን ወሰን ያቋርጣል። ዓሣ እንደ በግና እንደ በሬ በአራጁ እምነት አይለይም። በሐይቁ ዳር ባሉት ምግብ ቤቶች ቀረሶው ጎንና ጎኑ ተሰነጣጥቆ፣ ዘይት ውስጥ ጠልቆ፣ ቆዳው እስኪንኮሻኮሽ ተጠብሶ በሎሚና በአዋዜ ሲቀርብ፣ ወይም የአምባዛ ጉላሽ በድስት ሲመጣ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ባልደረቦች ከአንድ ትሪ ሊበሉ ይችላሉ። ይህ የሚሆነው በፍስክ ቀን ነው፤ በጾም ወቅት ዓሣ የሚበላ ክርስቲያን ቤት አለ፣ የማይበላም አለ፣ ልጅም የቤቱን ሥርዓት ይማራል። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ደግሞ በጾምም በፍስክም ሁሉን ያገናኛሉ። በ2017 ዓ.ም. እንደሆነው ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሲገጣጠሙ፣ ክርስቲያኑ 55 ቀን ከሥጋና ከወተት ይከለከላል፣ ሙስሊሙ ቀኑን ሙሉ ጾሞ ማታ ያፈጥራል፤ በምስር የተሞላና በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ ግን ለማፍጠሪያም ለጾመኛም ይሆናል። ከሁለት እምነት ለተወለደ ልጅ እንዲህ ያሉ ምግቦች ዋጋቸው ትልቅ ነው፤ ማንንም ሳይከዳ ሁለቱንም አያቶቹን አንድ ላይ የሚያበላባቸው ናቸው።

ይኸው ሐይቅ ግን ምግብ በር ሲዘጋም አይቷል። ከደንገል ታንኳ በመሥራትና ዓሣ በማጥመድ የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት በጣና ዳርቻ የኖሩ ናቸው። ቀድሞ ጉማሬ እያደኑ ይበሉ ስለነበር ክርስቲያኑ አብሯቸው ማዕድ አልቆረሰም፤ እነርሱ ራሳቸውን ሙስሊም ቢሉም ሌላው ሙስሊም እንደ ራሱ ወገን አልቆጠራቸውም። የሚናገሩት አማርኛ ነው፣ የሚቀዝፉት ሁላችንም «የእኛ» በምንለው ሐይቅ ላይ ነው፤ ሆኖም አንድ ምግብ ለትውልዶች ከጎረቤቶቻቸው ማዕድ አራቃቸው። ምግብ ወገን ያደርጋል ስንል ይህንንም አብረን ካላልን እውነቱን በግማሹ ነው የተናገርነው፤ ሰውን በማዕድ የሚያስጠጋው ኃይልና በማዕድ የሚያርቀው ኃይል አንድ ነው።

በትንሹ ይህ መራቅ በየትምህርት ቤቱ ይደርሳል። አባቴ ለመስቀል ከዘመዶቹ ቆጮ ይላክለት ነበር። ቆጮ ከመሬት ተቀብሮ የሚብላላ ምግብ ስለሆነ ሽታው ላልለመደው ይከብዳል። ታናሽ ወንድሜ አንድ ቀን ቆጮ በጎመንና በአይብ በምሳ ዕቃው ይዞ ሄደ፤ የክፍል ጓደኞቹ አፍንጫቸውን ያዙ። ምሳ ዕቃውን ሳይነካው ተመለሰ፣ ከዚያም ለረጅም ጊዜ እንጀራ በሽሮ ካልሆነ ይዞ አልሄደም፤ ቤት ውስጥ ግን ከአባታችን ሰሃን ቆጮ መቁረሱን አልተወም።

ወንድሜ ያደረገው ነገር በጥናትም ይታወቃል። በ2011 ማያ ጉንደልማን፣ ሳፕና ቼርያንና ቤንዋ ሞኒን ባወጡት ጥናት፣ የእስያ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ተማሪዎች ስለሚወዱት ምግብ ከመጠየቃቸው በፊት ግማሾቹ «እንግሊዝኛ ትናገራለህ?» ተባሉ። አሜሪካዊነታቸው በዚህ መልኩ የተጠረጠረባቸው ተማሪዎች፣ ካልተጠረጠረባቸው ይልቅ በጣም አሜሪካዊ የሚባል ምግብን «የምወደው» ብለው የመጥቀስ ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ነበር። ማለትም ሰው «የእኛ አይደለህም» ሲባል ምግቡን የሚቀይረው የምላሱ ፍላጎት ስለተቀየረ አይደለም፣ ለመግባት የፈለገበትን በር ስለሚያንኳኳ ነው። ስለዚህ ልጁ የቤቱን ምግብ ትምህርት ቤት አልወስድም ሲል ወላጁ እንደ ንቀት ሊቆጥረው አይገባም። ልጁ ቤቱን አልጣለም፤ ቤቱን ከፌዝ እየጠበቀ ነው። እቤት ሲመጣ ያው ምግብ ያለ ወቀሳ ቢጠብቀው፣ ሁለቱንም መያዝ እንደሚችል ይገባዋል። መምህራን ግን እዚህ ላይ ከወላጅ ይልቅ አቅም አላቸው፤ በምሳ ሰዓት «እስቲ እኔም ልቅመስ» የምትል አንዲት መምህርት የምትለውጠው ነገር ብዙ ነው።

አሁን ወደ ማዕዱ ራሱ እንምጣ። በ2019 ኬትሊን ዉሊና አየለት ፊሽባክ በአሜሪካ ባደረጉት ጥናት፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ሠራተኛና አሠሪን ወክለው በደመወዝ እንዲደራደሩ ተደረገ። ከድርድሩ በፊት ገሚሶቹ ቺፕስና ማጥቀሻውን ከአንድ ሳህን፣ ገሚሶቹ ከየራሳቸው ሳህን በሉ። ከአንድ ሳህን የበሉት በልምምዱ አቆጣጠር በአማካይ በ9 ቀን ሲስማሙ፣ ከየሳህናቸው የበሉት 13 ቀን ወሰደባቸው። ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በአንድ መሶብ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች አንዱ ፊት ያለው ሥጋ ሲያልቅ ሌላው ከፊቱ ገፋ ያደርግለታል፣ ፈጣን በይ ዝግ ይላል፣ ታናሽ የታላቁን እጅ ይጠብቃል። አብሮ መብላት እጅንና ዓይንን ለሌላው ሰው ማስማማት ስለሚጠይቅ፣ ተመራማሪዎቹም ውጤቱን ያያያዙት ከዚህ መናበብ ጋር ነው።

ጉርሻ የዚህ ሁሉ ጫፍ ነው፤ ስለዚህም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከውጭ አገር ለክረምት የመጣ የስምንት ዓመት ልጅ አያቱ ቤት ሲገባ፣ አያቱ በዶሮ ወጥ የራሰ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው «እንካ ልጄ፣ በሞቴ!» ይሉታል። እሳቸው ፍቅራቸውን ሁሉ በእጃቸው ይዘዋል። ልጁ ግን ባደገበት አገር የሌላ ሰው ጣት አፉ አጠገብ የሚደርሰው ጥርስ ሐኪም ቤት ብቻ ነው። ፊቱን ቢያዞር አያቱ ይከፋሉ፣ ቢያጎርሱት እሱ ይጨነቃል። እዚህ ላይ አስታራቂው ወላጅ ነው፤ ልጁ አስቀድሞ ለአያቱ ትንሽ ጉርሻ እንዲያጎርስ ቢደረግ ነገሩ በብዙ ይቀላል። የሚያጎርስ ሰው የቤቱ ሰው ነው። አንድ እንጀራ ቆርሶ፣ በቀኝ እጁ ጠቅልሎ፣ ወጡ ሳይንጠባጠብ አያቱ አፍ ያደረሰ ልጅ ቀጥሎ ጉርሻ ሲመጣለት ፊቱን የማዞሩ ነገር ይቀንሳል።

ብዙ ወላጆችን የሚያስጨንቅ ሌላ ጉዳይ «ንጹሕ» የሆነው ባህል ይጠፋል የሚለው ስጋት ነው። ልጁ በእንጀራ ፓስታ ቢበላ፣ ሽሮን ከሩዝ ጋር ቢያቀርብ፣ ክትፎን በቆጮ ፋንታ በዳቦ ቢበላ፣ ከሁለቱም ባህል የወጣ ይመስላቸዋል። የምግባችን ታሪክ ግን ይህን ስጋት አይደግፈውም። ያለ በርበሬ ወጥ አይታሰብም፤ በርበሬ ግን የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው፣ ከ1492 የኮሎምበስ ጉዞ በፊት በዚህ አገር አልነበረም። በቆሎም ከዚያው ነው። በአዊና በጎጃም ደጋ የብዙ ቤት ምግብ የሆነውን ድንች ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር በ1858 እንዳስገባው ይጻፋል። ከጣና በስተምሥራቅ በፎገራ ሜዳ ደግሞ ሩዝ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ተዘራ፤ ዛሬ የወረታ ገበሬ «ኤክስ ጅግና» የሚባለውን ሩዝ ያመርታል፣ ሴቶቹም ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ይጋግሩበታል። እዚያ የተወለደ ልጅ የሩዝ እንጀራን የባዕድ ምግብ ነው ቢሉት ይስቃል፤ እናቱ ስትጋግረው ነው ያደገው።

ከዚህ ሁሉ ለእኔ ቅርብ የሆነው የእንሰት ነገር ነው። እናቴ ለበዓል ድፎ ዳቦ ስትደፋ ከግቢያችን የኮባ (የእንሰት) ቅጠል ትቆርጣለች፤ ቅጠሉን በእሳት ለብለብ አድርጋ ታለሰልሰዋለች፣ በምጣዱ ላይ ዙሪያውን አነባብራ ትዘረጋዋለች፣ ሊጡን ታፈስበታለች፣ ከላይም በሌላ ቅጠል ትሸፍነዋለች። ዳቦው ሲወጣ የቅጠሉ ደም ሥር በጀርባው ላይ ታትሞ ይቀራል፣ ሽታውም በቅርፊቱ ውስጥ ይቆያል። አባቴ በአጠገቧ ቆሞ ያንኑ ተክል እያየ፣ በእሱ አገር ግንዱና ሥሩ እንዴት እንደሚፋቅ፣ እንዴት ጉድጓድ ውስጥ እንደሚብላላና ቆጮ እንደሚሆን ይነግረን ነበር። አንዱ ተክል ለአንዷ የዳቦ መሸፈኛ፣ ለአንዱ ዋና ምግብ ነበር። በኋላ ሳነብ ያገኘሁት ነገር ደግሞ ይህን የቤታችንን ልዩነት በሌላ ዓይን አሳየኝ፤ በ1770 በዚህ አካባቢ ያለፈው የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ ከጣና ደቡብ ምዕራብ በሜጫ ሰፋፊ የእንሰት እርሻ እንዳለና በዚያ የሚኖረው ሕዝብ ዋና ምግቡ እንሰት እንደሆነ ጽፏል። ለአባቴ ብቻ የሚመስለኝ ምግብ በእናቴ አገር ጭምር የተበላ ነበር። በሁለት ባህል መካከል ላለ ልጅ እንዲህ ያለ እውቀት ከምክር ይጠቅመዋል።

እስካሁን ያልሁት ስለ መብላት ነው። በእኔ እምነት ግን ልጅን ይበልጥ ቤተኛ የሚያደርገው መሥራቱ ነው። የሚበላ ሰው እንግዳም ሊሆን ይችላል፤ እርሾው የት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ግን እንግዳ አይደለም። የጤፍ ዱቄት ከቀድሞው ቡኮ በተረፈ እርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ ከላይ የሚያቅረው ቢጫ ውኃ ይደፋል፤ ከሊጡ ጥቂት ተቀንሶ በፈላ ውኃ አብሲት ይጣላል፣ ተመልሶም ይቀላቀላል፤ ሊጡ ኩፍ ሲል ይጋገራል። የአምስት ዓመት ልጅ ውኃውን መድፋት ይችላል። የሰባት ዓመት ልጅ ምጣዱን በጎመን ዘር ያሰሳል። የአሥር ዓመቱ ዓይኑ መውጣቱን አይቶ አክንባሎውን መቼ እንደሚከድን ያውቃል። ይህ ሥራ ለሴት ልጅ ብቻ መተዉን አልቀበልም፤ ወንዶች ልጆቻችን ከአገር ሲወጡ ከቤታቸው ጣዕም ሙሉ በሙሉ የሚቆረጡት ማንም እጃቸውን ሊጥ ውስጥ ስላላስገባው ነው።

ምግብ ብቻውን የማይችለው ነገርም አለ። ኢትዮጵያ በጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከማቆሟ በፊት በጨቅላነታቸው የሄዱ ልጆች አሁን አድገው ዘመድ ፍለጋ ይመጣሉ። አንዳንዶቹ አሳዳጊዎቻቸው ጋር ሳሉ በየሳምንቱ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት እየሄዱ አድገዋል፤ ሆኖም አማርኛ አይሰሙም፣ ማን አክስት ማን አጎት እንደሆነ አያውቁም። ከወለዷቸው እናቶች ጋር ማዕድ ሲቀርቡ እንጀራ መቁረሱን ያውቁበታል፣ የሚያወሩበት ቋንቋ ግን የላቸውም። ያኔ ምግቡ የመጀመሪያውን ሰዓት ያሳልፍላቸዋል፤ የሚቀጥሉትን ዓመታት ግን ቋንቋ፣ ደብዳቤ፣ ስልክ፣ ትዕግሥትም ይሸከሟቸዋል። በዓመት አንድ ቀን ባህላዊ ልብስ ለብሶ ሁሉን ምግብ በጠረጴዛ መደርደርም ልጅን ብዙ አያስጠጋውም፤ ሠርቶ አምጥቶ ካላቀረበው የራሱን ባህል እንደ ጎብኚ ያየዋል።

ልጆቻቸውን በውጭ አገር የሚያሳድጉ የባህር ዳር ልጆች ዘወትር የሚጠይቁኝ አንድ ተግባራዊ ነገር ስላለ እሱን ልመልስ። ከአገር የሚላከው በርበሬና ሽሮ በመንገደኛ ሻንጣ ይደርሳል፤ እንጀራው ግን እዚያው መጋገር አለበት። በቀዝቃዛ አገር ሊጡ እንደ ባህር ዳር ሙቀት ቶሎ አይቦካም፤ የኩሽና ምድጃውን ሳያሞቁ መብራቱን ብቻ አብርቶ ሊጡን ውስጡ ማቆየት ይረዳል፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን መጨመርም ያስፈልጋል። ጤፉ ውድ በሆነበት ቦታ ገብስ ወይም ስንዴ መቀላቀል የሚያሳፍር አይደለም፤ እዚህም ጤፍ በዳጉሳና በሩዝ ይቀላቀላል። የመጀመሪያው ጋገራ ዓይን ባያወጣ ሊጡን አትድፉት፤ ጥቂት ቀንሳችሁ ለሚቀጥለው እርሾ አስቀሩ፣ የማሰሮውን ክዳን የመክፈቱንና የማሽተቱን ሥራም ለልጁ ስጡት። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቡኮ ላይ ሽታው ሲስተካከል ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።